የብዕር ስምና የአባት ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል እያሉ አባቶቻችን ይተርታሉ። ይህ ተረት ለሕፃን ስለሚወጣው ስም የተነገረ ነው። ሰው ካደገ በኋላ በገዛ እጁ ለራሱ የሚሰጠውን ስም ግን ማን እንደሚያወጣው ተረቱ አይናገርም። መልአክም ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። እኔ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ለራሴ ስም አውጥቼ ነበርና፥ ስለዚህ ነገር ለወጣቶች የምናገረው ከመጽሐፍ ያነበብሁትን ብቻ ሳይሆን ከገዛ ጥፋቴ የተማርሁትንም ነው።

ነገሩን ያስነሣችብኝ የልጄ ልጅ ናት። ዕድሜዋ 15 ዓመት ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን፥ ዝናቡ ሲያባራ፥ ስልኳን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና «አባባ፥ አንድ ስም ይፈልጉልኝ» አለችኝ። «ማን ወለደ?» ብዬ ብጠይቃት ሳቀች። ለካስ አጫጭር ታሪኮች ትጽፋለች፤ ታሪኮቿንም በቴሌግራም ላይ አውጥታ ለሰው ልታስነብብ አስባለች። ለዚህ ደግሞ መለያ ስም ያስፈልጋታል። መለያ ስሙ በፊደላችን አይጻፍም፤ የሚቀበለው የላቲንን ፊደል፥ ቁጥርንና ከግርጌ የምትሰመር አንዲት ጭረትን ብቻ ነው። የገዛ ስሟን ብትሞክረው ሌላ ሰው ቀድሞ ይዞታል። የተወለደችበትን ዓመት በስሟ ላይ ልትቀጥልበት አሰበች፤ ቆይታ ግን ጨርሶ የማትታወቅበት ሌላ ስም ብታወጣ እንደሚሻል ቈረጠች።

«ለምን ትደበቂያለሽ?» አልኋት።

«ጽሑፌ ባያምር እንዳይስቁብኝ ነው። ደግሞም ስለ አንዳንድ ሰዎች የምጽፈው አለኝ» አለችኝ።

የመጀመሪያውን ምክንያት ስሰማ ፈገግ አልሁ፤ ሁለተኛውን ስሰማ ግን ዝም አልሁ። «ነገ እንነጋገራለን» ብዬ አሰናበትኋት፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሁለተኛ ስም መያዝ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። እናት የምታወጣው ስም አለ፤ በጥምቀት ቀን የሚሰጥ የክርስትና ስም አለ፤ መነኵሴም ሲመነኵስ የቀድሞ ስሙን ትቶ ሌላ ይይዛል። ጦረኞች ደግሞ የፈረስ ስም ነበራቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ዳሩ ግን የፈረስ ስም ባለቤቱን የሚሸሽግ ስም አልነበረም። አባ ነፍሶ ሲባል ባልቻ እንደ ሆኑ የማያውቅ አልነበረም። በፈረስ ስሙ የሚፎክር ሰው ከዚያ ስም በታች ሆኖ እንዳይገኝ ራሱን በሰው ፊት ያስገድዳል። ስለዚህ የፈረስ ስም መደበቂያ ሳይሆን ዕዳ ነበረ ማለት ይቻላል።

የውጭ አገር ጸሐፊዎች የብዕር ስም የያዙበት ምክንያት ግን ልዩ ልዩ ነው። ጥቂቶቹን ላንሣ፤ ዓመቶቹም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገር ሻርሎት፥ ኤሚሊና አን የተባሉ የአንድ ቄስ ልጆች ነበሩ፤ የአባታቸው ስም ብሮንቴ ነው። በ1846 በገዛ ገንዘባቸው የግጥም መጽሐፍ ሲያሳትሙ ከረር ቤል፥ ኤሊስ ቤል፥ አክተን ቤል ብለው ፈረሙ። የየስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል አልተዉም፤ ነገር ግን ወንድ ይሁኑ ሴት የማይለይ ስም መረጡ። ምክንያቱን ሻርሎት በ1850 ስትገልጥ፥ በዚያ ዘመን ሴት የጻፈችው መጽሐፍ ሚዛኑ ሳይስተካከል ይፈረድበት ስለ ነበረ ነው ብላለች። ያ የግጥም መጽሐፍ በመጀመሪያው ዓመት የተሸጠው ሁለት ቅጅ ብቻ ነው። እነርሱ ግን ተስፋ ሳይቈርጡ በ1847 ልብ ወለድ መጻሕፍት አወጡ፤ ስማቸውም ገነነ። በዚህ ጊዜ ሦስቱ ጸሐፊዎች አንድ ሰው ናቸው የሚል ወሬ ተነሣና አሳታሚያቸው ተጠራጠረ። በ1848 ሻርሎትና አን በሌሊት ባቡር ተሳፍረው ሎንዶን ድረስ ሄደው በአሳታሚያቸው ፊት ቆሙ። ልብ በሉ፤ ስሙ አሳታሚያቸውን የሚያሳስትና የሚጎዳ በሆነ ጊዜ መሸፈኛቸውን ራሳቸው አነሡት።

ሜሪ አን ኤቫንስ ደግሞ በ1857 ጆርጅ ኤልየት የሚለውን ስም ያዘች። ጆርጅ የምትወደው ሰው ስም ነው፤ ኤልየትን የመረጠችው አፍ የሚሞላና ለመጥራት የማያስቸግር ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን ስሙ ባለቤት የሌለው ቤት መሰለና ሌላ ሰው ሊገባበት ሆነ። በተወለደችበት አገር የሚኖር ጆሴፍ ሊጊንስ የሚባል ሰው የመጻሕፍቱ ደራሲ ነው እየተባለ ተወራ፤ የሚያምኑለትም በዙ። እርሷም በ1859 ማንነቷን ለመግለጥ ተገደደች።

ኤሪክ ብሌር በፓሪስና በሎንዶን ከድሆች ጋር የኖረውን ኑሮ ጽፎ በ1933 ሲያሳትም ቤተ ሰቡ እንዳያፍሩ ብሎ ስሙን ለወጠ። አራት ስሞች ጽፎ አቀረበና ጆርጅ ኦርዌል የሚለው ተመረጠ። ኦርዌል በምሥራቅ እንግሊዝ የሚፈስስ ወንዝ ነው። ሳሙኤል ክሌመንስ ደግሞ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የመርከብ መሪ ሆኖ ሠርቶ ነበርና በ1863 ማርክ ትዌይን ብሎ ፈረመ። ይህ ቃል የወንዙን ጥልቀት የሚለካው ሰው ለመሪው የሚጮኸው ቃል ነው፤ ውኃው ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ጥልቀት አለው፥ መርከቧ ሳትነካ ታልፋለች ማለት ነው። ሠራተኛ የነበረ ሰው ስሙን ከሥራው ሲያወጣ ደስ ይላል።

እኔን አስተማሪውን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደስተኝ የቺሊዪቱ ሉሲላ ጎዶይ ታሪክ ነው። የገጠር አስተማሪ ነበረች። በ1914 በግጥም ውድድር ስታሸንፍ ገብርኤላ ሚስትራል በሚል ስም ነበር፤ በ1945 የኖቤል ሽልማት የተቀበለችውም በዚሁ ስም ነው። በዚያው አገር የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ልጅ የነበረው ኔፍታሊ ሬዬስ አባቱ ግጥም መጻፉን ስለ ጠላበት በ1920፥ ገና 16 ዓመቱ ሳለ፥ ፓብሎ ኔሩዳ ተባለ። በ1946 ይህንኑ ስም በሕግ አጸደቀው፤ በ1971 እርሱም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

የዕድሜ እኵያችሁን ብፈልግላችሁ ደግሞ ቤንጃሚን ፍራንክሊን አለ። በ1722 የ16 ዓመት ልጅ ሳለ በቦስተን ከተማ በወንድሙ ማተሚያ ቤት ሥራ ይማር ነበር። የጻፈውን ቢሰጠው ወንድሙ እንደማያትምለት ዐውቆ ሳይለንስ ዱጉድ የምትባል አንዲት ባልቴት የጻፈች አስመስሎ በሌሊት በበሩ ሥር አሾልኮ አስገባለት። እንዲህ እያደረገ 14 ደብዳቤዎች አሳተመ። አዋቂዎቹ ጽሑፉን እያደነቁ ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ ሲገምቱ፥ ልጁ በዚያው ቤት ቆሞ ይሰማ ነበር።

እንግዲህ ከነዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ የብዕር ስም በራሱ ክፉ እንዳልሆነ ነው። በአገራችንም ሕጉ ይፈቅደዋል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ደራሲ ስሙን ሳይገልጥ ወይም በብዕር ስም ማሳተም እንደሚችል ይደነግጋል። ጋዜጠኛው ሙሉጌታ ሉሌም በጦቢያ መጽሔት ላይ ጸጋዬ ገብረ መድኅን አርአያ በሚል የብዕር ስም ይጽፉ ነበር። መናገር አደጋ በሚሆንበት ጊዜ የብዕር ስም ለእውነት ጋሻ ይሆናታል።

ይሁን እንጂ በእኛና በአውሮፓውያን መካከል አንድ ልዩነት አለ። እነርሱ ሁለተኛው ስማቸው የዘር ስም ነው፤ ከብዙ ትውልድ በፊት ከነበረ ሰው የመጣ ነው። የእኛ ሁለተኛ ስም ግን የአባታችን ስም ነው፤ በሞግዚትነት ያሳደገን ቢሆን እንኳ የአንድ የምናውቀው ሰው ስም ነው። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ሙሉ የብዕር ስም ሲያወጣ የሚለውጠው የራሱን ስም ብቻ አይደለም፤ አባቱንም ይለውጣል። ይህ ነገር እንዴት ያለ ክብደት እንዳለው እኔ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። የንባብና የጽሕፈት አስተማሪያችን አንዲት ሽማግሌ ሴት ነበሩ። በየወረቀታችን ራስጌ ስማችንን ከነአባታችን ሳንጽፍ ብንሰጣቸው ወረቀቱን አንሥተው ለክፍሉ ያሳዩና «ስም የሌለው ወረቀት አይታረምም» ብለው ወደ ጎን ያስቀምጡት ነበር። እኛ ይህን የምንቈጥረው ለሥርዓት ያህል እንደ ተደረገ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ የአማርኛ አስተማሪ ሆኜ እሠራ ነበር። ወጣት ነበርሁ፤ ብዕሬንም እወድ ነበር። በትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ ነበረ። ጽሑፍ ያለው ሁሉ በእንጨት ሣጥን ይከታል፤ እጀ ጽሑፉ ያማረ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተመረጡትን በትልቅ ወረቀት ላይ ይገለብጣቸዋል፤ በየ15 ቀኑም በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

በዚያን ጊዜ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ቅር ተሰኝቼ ነበር። በዕድሜ የሚበልጡኝ፥ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቍልፍ የያዙ ሰው ናቸው። አንድ ቀን በአስተማሪዎች ክፍል የተናገርሁትን የግእዝ ቃል ተሳስተሃል ብለው በሰው ፊት አረሙኝ። እርማታቸው ትክክል ነበረ፤ እኔን ያቃጠለኝም ትክክል መሆኑ ነው። በዚያ ሰሞን የቤታቸው በርና መስኮት አዲስ ቀለም ተቀብቶ አየሁ። የቀለሙ ዐይነት ትምህርት ቤቱ ከተቀባበት ጋር አንድ ነው። ሳልጠይቅ፥ ሳላጣራ፥ ቍልፍ ይዞ ስለሚያድርና በሩ በአንድ ሌሊት ስለሚያብብ ሰው የሚያስቅ ጽሑፍ ጻፍሁ። ስማቸውን አልጠራሁም፤ መጥራትም አላስፈለገኝም። ከግርጌው «እውነቱ ይነገር» ብዬ ፈረምሁ። እውነቱ የሰው ስም ነው፤ ይነገር ደግሞ እንደ አባት ስም ሆኖ ይገጥማል። በብልሃቴ ተደሰትሁ። በጨለማ ሄጄ ከሣጥኑ ከተትሁት።

ጽሑፉ ተለጠፈ። ተማሪዎቹ እየተሳሳቁ አነበቡት። እኒያ ሰው ክፍል ሲገቡ በጥቍር ሰሌዳ ላይ የተቀባ በር ተሥሎ ይጠብቃቸው ጀመር። ከጥቂት ቀን በኋላ ሰውዬው ቀለሙን ከገበያ የገዙበትን ደረሰኝ ለአስተዳደሩ አቀረቡ። ንጹሕ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ጸሐፊው ይፈለግ ተባለ። የተገኘው የእጅ ጽሕፈት የገልባጩ ተማሪ ነው። ልጁም «ከሣጥን አግኝቼ ገለበጥሁት እንጂ እኔ አልጻፍሁትም» አለ፤ የሚያምነው ግን አላገኘም። አባትህን አምጣ ተባለ።

አባቱ ገበሬ ነበሩ። ከገጠር በእግራቸው መጡ። ሰኞ ጧት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ልጁ በስሙ ከነአባቱ ስም ተጠራ፤ አባትየውም ከጎኑ ቆሙ። በትራቸውን ተደግፈው ጎንበስ ብለው «ልጄ አጥፍቷል፤ ስለ እኔ ብላችሁ ማሩልኝ» አሉ። ልጁ አንድ ወር ከትምህርት ታገደ። እኔ ከአስተማሪዎቹ ሰልፍ መካከል ቆሜ ነበር። የእኔ አባት ስም ይነገር ከሚባል ከሌለ ሰው በስተኋላ ተሸሽጎ ንጹሕ ሆኖ ቀረ፤ የሌላ ሰው አባት ስም ግን በሺህ ተማሪ ፊት ተጠርቶ ተዋረደ። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ብራመድ ነገሩ ያልቅ ነበር። አልተራመድሁም። የፈራሁትም ከሥራ መባረርን አልነበረም፤ እኒያ ሰው ሲያዩኝ ማየትን ነበር።

ሰውዬው በዓመቱ መጨረሻ ተዛውረው ሄዱ። በኋላ ባፈላልግ ማረፋቸውን ሰማሁ። ልጁን ግን ከ17 ዓመት በኋላ፥ በ1994 ዓ.ም.፥ በሌላ ከተማ አገኘሁት። በአውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ የጽሕፈት መሣሪያ ይሸጥ ነበር። ገብቼ ማን እንደ ሆንሁ ነገርሁትና «ያን ጽሑፍ የጻፍሁት እኔ ነኝ» አልሁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ «እኔ እንዳልጻፍሁት ዐውቅ ነበር፤ የማላውቀው ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው መኖሩን ነው። አባቴ ግን እኔ እንደ ጻፍሁት አምነው ሞቱ» አለኝ። ይቅርታ ብጠይቀው «እኔስ ይቅር ብዬዎታለሁ፤ ስለ አባቴ ግን ከቻሉ በስምዎ ይጻፉት» አለኝ። እሺ አልሁት።

ከዚያ ቀን እስከ ዛሬ ከ20 ዓመት በላይ አልፏል። ሥራ በዛብኝ እያልሁ፥ ጡረታ ስወጣ እያልሁ፥ ቀጠሮውን ሳሻግር ኖርሁ። ውሸት በአንድ ሌሊት ተጽፎ በማግሥቱ ሲለጠፍ፥ እውነት ግን ይህን ያህል ዓመት ወሰደባት። የልጄ ልጅ ስም ፈልግልኝ ብላ ባትመጣ ኖሮ ምናልባት አሁንም አልጻፍሁትም ነበር።

በማግሥቱ ልጂቱን ጠርቼ ይህን ሁሉ ነገርኋት። ከዚያም ስም ለማውጣት የሚጠቅማትን ምክር ሰጠኋት፤ ለእናንተም እነሆ።

በመጀመሪያ፥ የሌላውን ሰው ስም አትውሰዱ፤ የሚመስለውንም አታውጡ። ሁለተኛ፥ የተወለዳችሁበትን ዓመት፥ ትምህርት ቤታችሁንና ሰፈራችሁን በስማችሁ ላይ አትጨምሩ፤ ለማያውቃችሁ ሰው የቤታችሁን መንገድ ማሳየት ነውና። ሦስተኛ፥ ለመጥራት የሚቀል፥ ዛሬ በ15 ዓመታችሁ የማያሳቅቃችሁ ብቻ ሳይሆን በ40 ዓመታችሁም የማያሳፍራችሁ ስም ይሁን። አራተኛ፥ ከምታምኑት ሰው አንዱ እንኳ ስሙ የእናንተ መሆኑን ይወቅ፤ ማንም የማያውቀው ስም መካሪ የለውም። ከሁሉ በላይ ግን ጽሑፋችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ራሳችሁን ጠይቁ፤ መሸፈኛው ነገ ቢነሣ በዚህ ጽሑፍ አጠገብ እቆማለሁን? እቆማለሁ ካላችሁ የብዕር ስሙ እንደ አባ ዳኘው ነው። አልቆምም ካላችሁ ግን ጽሑፉን ቅደዱት፤ ስም አያድነውም።

ልጂቱ ጥቂት አሰበችና «ታዲያ ስለ ሰዎች የጻፍሁትን ልተወው?» ብላ ጠየቀችኝ። «እውነት ከሆነና ለሰው የሚጠቅም ከሆነ አትተዪው። ግን አስቀድመሽ ቀለሙ ከወዴት እንደ ተገዛ ጠይቂ» አልኋት። ከዚያ በኋላ ከጽሑፎቿ አንዱን አጠፋች፤ ሌሎቹን አስቀረች። ስምም አወጣች። ምን ብላ እንዳወጣች እናቷና እኔ እናውቃለን፤ እዚህ ግን አልጽፈውም፤ የእርሷ ነውና።

የሽማግሌዪቱ አስተማሪዬ ቃል አሁን ይገባኛል። ስም የሌለው ወረቀት አይታረምም፤ ምክንያቱም ስሕተቱን ወስዶ የሚያርመው ሰው የለም። የእኔ ወረቀት ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይታረም ኖሯል። በዚህ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ግን የእኔ ስም ከነአባቴ ስም ታትሟል። ያ ገበሬ ልጃቸው አላጠፋም ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነበርሁ።